አልጋ ሰው አያቆስልም

በሆስፒታሎቻችን ከሚነገሩ ቃላት መካከል እንደ «የአልጋ ቁስል» ጥፋተኛውን በዘዴ የሚሰውር የለም። ስሙን ስትሰሙት ያቆሰለው አልጋው ይመስላችኋል። አልጋ ግን ሰው አያቆስልም። ሰውን የሚያቆስለው፣ ራሱን ማገላበጥ ሲያቅተው የሚያገላብጠው ማጣቱ ነው።

ነገሩን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። አባት በስትሮክ ወይም በመኪና አደጋ ይወድቃል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አልጋ እስኪገኝ ስልክ ይደወላል፣ ዘመድ ይለመናል፣ በአምቡላንስ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራል። በስንት መከራ አልጋው ይገኛል። ሦስት ሳምንት በመተንፈሻ ማሽን ይቆይና ይተርፋል። ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ከዚያ ልብሱን ሊቀይሩለት ወደ ጎን ሲያዞሩት፣ ከወገቡ በታች ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ያያሉ። ከጭንቅላቱ ሕመም የተረፈው ሰው በጀርባው ቁስል ተመልሶ ሆስፒታል ይገባል። አንዳንዱም ከዚያ አይወጣም።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ጉድጓድ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሚፈጠር የአልጋ ቁስል፣ ሆስፒታሉ ስንት ነርስ እንደመደበና ማን እንደሚከታተል የሚናገር ደረሰኝ ነው። ደረሰኙን ደብቀን ሕንፃና ማሽን ብቻ እየመረቅን መኖር የለብንም። ቁስሉ ይቆጠር። ቁጥሩም ለሕዝብ ይለጠፍ።

ቁስሉ እንዴት ይመጣል?

ጤነኛ ሰው ተኝቶ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ይገላበጣል። አንዱ ጎኑ ሲደነዝዘው ሳይነቃ ወደ ሌላው ይዞራል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚ ይህን ጸጋ ያጣል። በመድኃኒት እንዲተኛ ተደርጓል፣ ቱቦ በጉሮሮው አለ። ቢያመው አይናገርም፣ ቢደነዝዘው አይዞርም። የገዛ ክብደቱ ሥጋውን በአጥንትና በፍራሽ መሀል ይጨምቀዋል። ቀጫጭኑ የደም ሥር ይዘጋል። በሕክምና ትምህርት ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የደም ግፊታችሁን ስትለኩ ከላይ ከምታዩት 120 ጋር አስተያዩት፣ ሩብ ገደማ ብቻ ነው። ደም ከሥጋ ለመከልከል ብዙ ጉልበት አይፈልግም፤ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል።

በዚህ ላይ ሌላው ይጨመራል። የወደቀ የደም ግፊትን ለማንሳት የሚሰጠው መድኃኒት የቆዳን የደም ሥር ያጠብባል። ላብ፣ ሽንትና ሰገራ ቆዳውን ያርሱታል። ራስጌው ከፍ ሲል ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ይወርዳል፣ መሀል ያለው ሥጋ ይጎተታል። ራስጌውን ዝቅ እናድርገው እንዳይባል፣ በማሽን የሚተነፍስን ሰው ከሳንባ ምች ለመጠበቅ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ይመከራል። አንዱን ስትጠብቅ ሌላው ያመልጥሃል። ስለዚህ ታካሚን ማገላበጥ ማንም የሚሠራው የጉልበት ሥራ አይደለም። ማሰብ የሚጠይቅ፣ ሙያ ያለው ሥራ ነው።

ቦታዎቹም የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች የመቀመጫው አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ የራስ ቅል ጀርባ። የኦክስጅን ጭንብል አፍንጫ ላይ፣ የመተንፈሻው ቱቦ ከንፈር ላይ ያቆስላል። ከባዱ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ከውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ ነው። ቆዳው ተከፍቶ ስናየው ነገሩ ውስጥ ውስጡን ከተበላሸ ቆይቷል።

የጥቂት ሰዎች ችግር ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ ቀን፣ በ90 አገሮች በሚገኙ 1,117 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የነበሩ 13,254 ታካሚዎች ታይተው ነበር። ከ100ው 26 ያህሉ ቁስል ተገኘባቸው። ከ100ው 16ቱ ቁስሉን ያገኙት እዚያው ክፍል ውስጥ ተኝተው ነው። ያው ጥናት ሁለት ነገር ጨምሯል። ቁስሉ እየጠለቀ በሄደ መጠን የሚሞተው ሰው ይበዛል። ገቢው ዝቅተኛ በሆነ አገር መተኛት ደግሞ በራሱ ለቁስሉ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ዓይነት በሽታ ይዞ እዚህ የተኛና እዚያ የተኛ ሰው ጀርባቸው እኩል ዕድል የለውም።

እኛም ዘንድ ተጠንቷል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል በልዩ ልዩ ክፍሎች ተኝተው በነበሩ 422 ታካሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ 16.8 በመቶው የአልጋ ቁስል እንዳለባቸው አሳይቷል። ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። ይህን ሆስፒታሉን ለመውቀስ አላነሳሁትም። ጀርባ ገልጦ ያየና ያየውን የጻፈ መመስገን አለበት። የሚያስፈራኝ ገልጦ ያላየው ነው።

አሁን ወደሚሰጡን ምክንያቶች እንምጣ። ሦስት ናቸው።

አንደኛው ምክንያት፦ «በሽታው ያመጣው ነው»

ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ ክፍል አለ፤ ልካደው አልፈልግም። ደሙ የማይዞር፣ ትንሽ ሲነኩት ግፊቱ የሚወድቅ፣ ከጎን ወደ ጎን ማዞሩ ራሱ ሊገድለው የሚችል ታካሚ አለ። በዚያ ሰው ላይ የሚወጣ ቁስል ሁሉንም አድርገው ያልቀረ ቁስል ሊሆን ይችላል። ግን «ሁሉንም አድርገን አልቀረም» ማለት የሚችለው ሁሉንም ያደረገ ብቻ ነው። የመጣ ዕለት ቆዳውን አይታችኋል? ለቁስል ምን ያህል እንደተጋለጠ መዝናችኋል? ይህን ለመመዘን ብራደን የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሕመም ይሰማዋል? ቆዳው ይረጥባል? ከአልጋ ይነሳል? አልጋው ላይ ይንቀሳቀሳል? ይበላል? ይንሸራተታል? ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ ዶላር አይፈልግም።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፏ የአልጋ ቁስልን ከበሽታው ሳይሆን ከአያያዝ ጉድለት ከሚመጡ ነገሮች ጋር ቆጥራዋለች። ይህ ከ160 ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። ዛሬም «የበሽታው ነው» የሚል ሰው የሚከራከረው ከእኔ ጋር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት፦ «ነርሶቹ ሰነፉ»

ይህኛው በቤተሰብ አፍ የተለመደ ነው። አለቆችም ይወዱታል፤ ሁሉን ነገር በአንዲት ሲስተር ላይ ጭኖ ያሳልፋልና። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንድ ታካሚ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ ቢባል በቀን 12 ጊዜ ነው። በማሽን የሚተነፍስን ሰው አንድ ሰው ብቻውን አያዞረውም፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋሉ፣ አንዱ ቱቦውን ይጠብቃል። ቆዳውን ማየት፣ የረጠበውን ማድረቅ፣ አንሶላውን ማቃናት፣ ትራሱን ማስተካከል አንድ ላይ 10 ደቂቃ ይፍጅ እንበል። 12 ጊዜ በ10 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ነው። በሁለት ሰው አራት ሰዓት። ይህ ለአንድ ታካሚ ነው። ስድስት አልጋ ባለው ክፍል 24 ሰዓት ይሆናል። ማለትም ቀንና ሌሊት፣ ሳይበላና ሳይቀመጥ፣ ምንም ሌላ ነገር ሳይነካ ታካሚ ማገላበጥ ብቻ የሚሠራ አንድ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል።

ነርሷ ግን ሌላም ሥራ አላት። መድኃኒቱን የምትሰጠው፣ አክታውን የምትመጠው፣ የልብ ምቱንና ግፊቱን የምትመዘግበው፣ በቱቦ የምትመግበው፣ ሲደነግጥ ሐኪም የምትጠራው፣ ሲሞት የምትገንዘው እሷ ናት። ሌሊት ላይ ለስድስት አልጋ ሁለት ነርስ ብቻ ባለበት ክፍል፣ አንዷ አንዱን ታካሚ ለማዳን ስትሯሯጥ የሌሎቹ አምስት ጀርባ ማን ይጠብቀው? በአሜሪካ ካሊፎርኒያ አንድ ነርስ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት ታካሚ በላይ እንዳትይዝ ሕግ ይከለክላል። ሕጉ የወጣው እዚያ ያሉ ነርሶች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የሰው እጅ ሁለት ብቻ ስለሆነ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቸልተኛ ነርስ አለች። «በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጧል» የሚለው ሰንጠረዥ ሊነጋ ሲል በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች የሚፈረምበት ክፍል እንዳለ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። እሷን አልከላከልላትም። ግን የማይቻል ሥራ ሰጥተህ የተሠራ መሆኑን በወረቀት አሳየኝ ካልክ፣ ያስተማርከው ሥራውን ሳይሆን ውሸቱን ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ሲጮኹ ነገሩ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ተወሰደ። እኔ ግን የታካሚ ጀርባ ጥያቄም ነው እላለሁ። በደመወዟ መኖር አቅቷት ቀን እዚህ፣ ማታ ሌላ ቦታ የምትሠራ ነርስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ለማዞር የሚቀራት ጉልበት ስንት ነው?

ሦስተኛው ምክንያት፦ «መሣሪያ የለንም»

ይህ የሚወደደው ሪባን ስለሚቆረጥለት ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲነገር አገሩ ሁሉ «ቬንትሌተር» የሚል ቃል ተማረ። በየቀኑ በሚወጣው መግለጫ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስንት ሰው እንዳለ እናነብ ነበር። ማሽኑ ስንት ነው ብለን ጠየቅን። ማሽኑ አጠገብ የምትቆመው ነርስ ስንት ናት ብለን ግን አልጠየቅንም። ማሽን ሳንባ ይነፋል እንጂ ጎን አያዞርም።

አሁን ደግሞ ወሬው የአየር ፍራሽ ሆኗል። ፍራሹ ጥሩ ነው፤ ይገዛ። ግን መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡት። መብራት ቢኖርም ፍራሹ ማገላበጥን አያስቀርም፤ አየር ፍራሽ ላይ የተኛም ሰው መዞር አለበት። ለአንዳንዱ ነገር ደግሞ ጭራሽ ገንዘብ አያስፈልግም። ጓንት በውሃ ሞልቶ ተረከዝ ሥር ማድረግ በብዙ ቦታ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ግን አታድርጉ ይላል። የግሉኮስ ከረጢትም፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅም አይመከርም፤ ግፊቱን ዙሪያውን ያበዙታል። ትክክለኛው ትራስን ከባት ሥር አድርጎ ተረከዙን አየር ላይ ማንሳፈፍ ነው። የቀላውን ቦታ አጥብቆ ማሸትም እንደ እንክብካቤ ይታያል፤ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል። ይህን ለማረም ጨረታ አይወጣም። አንድ ሰዓት ሥልጠናና አንዲት የምትከታተል ሜትረን ይበቃሉ።

ምግብም እንዲሁ። ለቁስል ለተጋለጠና ለተጎሳቆለ ሰው እ.ኤ.አ. የ2014ቱ መመሪያ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይል ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ75 እስከ 90 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ቤተሰብ በፔርሙዝ የሚያመላልሰው ቀጭን ሾርባ ይህን አይሞላም። ቤተሰቡ ደግሞ የነገረው የለም።

የእኛን ቆዳ ማን ያስተምር?

አንድ ነገር በተለይ ይቆጨኛል። የመጀመሪያው የቁስል ደረጃ በመጽሐፍ ሲገለጽ «ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት» ይባላል። ሥዕሉም በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ግን ያ ቅላት ላይታይ ይችላል። ቦታው ሊጠቁር ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል። ከአካባቢው ይልቅ ሊሞቅ ወይም ሊቀዘቅዝ፣ ሊጠነክር ወይም ሊልም ይችላል። ስለዚህ የእኛ ነርስ ማየት ብቻ ሳይሆን መዳሰስ አለባት። ቅላት ስትፈልግ የኖረች ነርስ «ምንም የለም» ብላ የምትጽፈው ዋሽታ ሳይሆን የተማረችው የሌላ ሰው ቆዳ ስለሆነ ነው። ማስተማሪያውን በራሳችን ቆዳ ፎቶ መሥራት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶቻችን ዕዳ ነው።

ቁጥሩ የት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጤና ሚኒስቴር ለሆስፒታሎች ካወጣቸው የአፈጻጸም መለኪያዎች መካከል በሆስፒታል ውስጥ የሚፈጠር የአልጋ ቁስል አንዱ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም ማለት ነው። ሪፖርት ከክፍል ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ሚኒስቴር ይወጣል ተብሎ ታስቧል። ታዲያ አባታችሁን ያስተኛችሁበት ሆስፒታል ባለፈው ሦስት ወር ስንት ሰው እንዳቆሰለ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።

«ዜሮ» ብሎ የሚጽፍ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእርግጥ ያገላበጠ ነው። ሌላው ገልጦ ያላየ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ሰው አንሶላውን ገልጦ ይይ።

አንዳንዱ «እንዲያውም ቁስል የተገኘበት ሆስፒታል ይቀጣ» ይላል። በአሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ ለተፈጠረ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ቁስል ተጨማሪ ክፍያ አልከፍልም አለ። ከዚያ በኋላ ታካሚ በገባ ዕለት ቆዳውን አይቶ መጻፍ የሆስፒታሎቹ ጥቅም ሆነ፤ ሲገባ ያልተጻፈ ቁስል የራሳቸው ይሆናልና። ከዚህ የምንማረው ሲገባ ማየትን ነው። ቅጣቱን ግን እንዳለ አምጥተን እዚህ ብንተክለው፣ ሰው በሌለው ክፍል የሚቀጣው የሰው እጥረቱን የፈጠረው አይሆንም። ፈረቃዋ ላይ የተገኘችው ነርስ ትሆናለች። በሚቀጥለው ወር ሁሉም ዜሮ ይጽፋል። እኔ የምፈልገው ቅጣት ሳይሆን ብርሃን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

አንድ፦ በየሦስት ወሩ በአንድ ቀን በሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ቆጠራ ይደረግ። የሚቆጥሩት ከሌላ ሆስፒታል የመጡ ነርሶች ይሁኑ። ውጤቱ በሆስፒታሉ በር ላይና በሚኒስቴሩ ገጽ ይለጠፍ።

ሁለት፦ ከቁስሉ ቁጥር ጎን በየፈረቃው የነበረው የነርስ ቁጥር አብሮ ይጻፍ። አንዱን ያለ ሌላው ማውጣት ሐሜት ነው።

ሦስት፦ ነርስ ያልተመደበለት አልጋ «የጽኑ ሕሙማን አልጋ» ተብሎ አይቆጠር፣ አይመረቅም።

አራት፦ ነርስ በማይበቃበት ቦታ የሠለጠኑ ረዳቶች ያሉበት የማገላበጥ ቡድን ይቋቋም። ሥራ አጥ ወጣት ሞልቶ በተረፈበት አገር ሰው አጣን ማለት አያምርም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ የረዳት ደመወዝ ለአንድ አራተኛ ደረጃ ቁስል ከሚወጣው ፋሻ፣ አንቲባዮቲክ፣ ቀዶ ሕክምናና የወራት አልጋ ጋር አይወዳደርም። ያን ሒሳብ ዛሬ የሚከፍለው ቤት የሸጠው፣ እቁብ የበላው፣ ዘመድ ያስቸገረው ቤተሰብ ነው።

አምስት፦ ቤተሰብ ታካሚው በገባ ዕለትና በወጣ ዕለት ጀርባውን የማየት መብት ይኑረው፤ ሁለቱም ቀን በፋይሉ ላይ ይጻፍ።

ወዳጆቼ፣ የመጨረሻውን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ዘመዳችሁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ትከሻ ያበጠ ጥያቄ ይዛችሁ አትግቡ፣ ነርሷንም አትሳደቡ። በትሕትና ግን ሳትፈሩ «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተገላበጠ? ተረከዙስ? ጀርባውን ላይ?» በሉ። ሥራዋን የምትሠራ ነርስ በዚህ ጥያቄ አትከፋም፤ እንዲያውም ለአለቃዋ «ሰው ጨምሩልኝ» የምትልበት ምስክር ታገኛለች። የሚከፋው፣ ጀርባ የሚባል ነገር እንዳይነሳ የሚፈልገው ብቻ ነው።

መናገር ለማይችል ሰው ቆዳው ይናገርለታል። የሚናገረውን ለመስማት አንሶላውን መግለጥ ይበቃል።

በሆስፒታል ሰው ላላቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩት። የሙያው ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ በእናንተ ክፍል በሌሊት ፈረቃ ስንት ነርስ ለስንት አልጋ እንደሚመደብ፣ የሆስፒታሉን ስም ሳትጠሩ፣ ከሥር ጻፉልን። ቆጠራውን ከዚህ እንጀምረው።